ጣታችን ያወቀው፣ ከረጢቱ የደበቀው፦ የዴስቲኒ 2 ቤታ ከቀዳሚው ጋር ሲተያይ

የእጅ ቦምቡን ወረወርኩ። ፈነዳ፤ ከሦስቱ ጠላቶች አንዱ ወደቀ፣ ሁለቱ ተንገዳግደው ቆሙ። ጣቴ ከልምዱ የተነሳ ያንኑ ቁልፍ ደግሞ ተጫነ። ምንም የለም። በስክሪኑ ጥግ ያለችው ትንሽ ምልክት ገና መሙላት መጀመሯ ነው። ሁለቱን በጥይት ጨረስኳቸው፤ ደረጃውን ወጣሁ፤ ሌላ ጭፍራ ገጠመኝ፤ እሱንም በጥይት ጨረስኩ። ምልክቷን አየኋት፤ ግማሽ እንኳን አልደረሰችም። በጁላይ 2017 የዴስቲኒ 2 ቤታ፣ ማለትም ጌሙ ከመውጣቱ በፊት ለጥቂት ቀናት የሚከፈተው የሙከራ ሥሪት፣ ሲከፈት፣ ከመጀመሪያው ዴስቲኒ ጋር ሦስት ዓመት የከረመ ብዙ ተጫዋች በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ እዚህችው ምልክት ላይ አፍጥጦ «ተበላሽታ ነው ወይስ እንዲህ ነው የሠሯት?» ብሏል።

እንዲህ ነው የሠሯት።

የሉት ሹተር ተከታይ ክፍል በቤታ ሲቀርብ፣ በሁለትና በሦስት ቀን ጨዋታ የሚገኘው የመጀመሪያ ስሜት ምን ያህል ይታመናል? የተለመደው መልስ «ቤታ እኮ ነው፣ ገና ያስተካክሉታል፣ አትቸኩሉ» የሚል ነው። በዚህ በግማሹ አልስማማም። ቤታ ላይ ጣት የሚያውቀው ነገር አለ፤ ያም ብዙ ጊዜ ልክ ሆኖ ይገኛል። ቤታ ጨርሶ ሊያሳየው የማይችለው ነገርም አለ፤ የጌሙ ዕድሜ የሚወሰነው ደግሞ በዚያ ነው። (እግረ መንገዴን፦ እዚህ የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለዘውጉ እንግዳ ለሆነ ሰው፣ ሉት ሹተር ማለት ሁለት ጌም በአንድ ክር የተሰፋበት ነው። አንደኛው የተኩስ ጌም ነው፤ ታነጣጥራለህ፣ ትከለላለህ፣ ትሮጣለህ። ሁለተኛው የምርኮ ጌም ነው፤ የገደልከው ጠላት ጠመንጃ ወይም ጥሩር ይጥልልሃል፣ ከለበስከው ጋር ታስተያየዋለህ፣ ከበለጠ ትለውጠዋለህ፣ ከዚያ የበረታ ጠላት ወዳለበት ትወጣለህ። የመጀመሪያው በሰከንድ ይለካል፤ ሁለተኛው በሳምንትና በወር። ቀናት ብቻ የሚቆይ ቤታ ታዲያ የሚያቀምስህ የትኛውን እንደሆነ ግልጽ ነው። ጠመንጃው እጅ ላይ ሲገባ ምን እንደሚመስል በደንብ ታውቃለህ። ያ ጠመንጃ ከወር በኋላ ከረጢትህ ውስጥ ምን ትርጉም እንደሚኖረው ግን ማንም አያሳይህም።

የመጀመሪያው ዴስቲኒ ቤታ በጁላይ 2014 ቀድሞ በፕሌይስቴሽን፣ ከቀናት በኋላ በኤክስቦክስ ተከፈተ። ሄሎ የተባለውን ዝነኛ የተኩስ ጌም የሠራው ስቱዲዮ፣ ቡንጂ፣ ከሄሎ ወጥቶ ያቀረበው የመጀመሪያ ትልቅ ሥራው ስለነበር ጉጉቱ የሚገርም ነበር፤ ስቱዲዮው ራሱ እንደገለጸው ወደ 4.6 ሚሊዮን ሰው ገብቶበታል። የሚፈቀደው እስከ ሌቨል 8 ብቻ ነው። ግን በዚያች ሌቨል ውስጥ ኦልድ ራሺያ የተባለው ሰፊ ሜዳ ተለቆልሃል። የዛጉ አውሮፕላኖች፣ ተሰልፈው የቀሩ መኪኖች፣ ከሩቅ የሚታየው የኮስሞድሮሙ፣ የመንኮራኩር ማስወንጨፊያው፣ ግንብ። ስፓሮው የምትባለዋን ተንሳፋፊ ሞተር አስነስተህ ወደፈቀደህ ትነዳለህ። ዋሻ ታገኛለህ፣ ትገባለህ፣ በውስጡ ያሉት ከአንተ እጅግ የበረቱ ሆነው በአንድ ምት ይጥሉሃል፤ ተነስተህ ትሸሻለህ። በ26 ደግሞ ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ጨረቃ ተከፈተች። ሰዉ ሰዓቱን ጠብቆ ጎረፈ፤ አንዲት ተልእኮ ሠርቶ፣ ግራጫውን አፈር ረግጦ ተመለሰ።

ከዚያ ቤታ ሁሉም ይዞት የወጣው አንድ ስሌት ነበር፦ ለናሙና ይህን ያህል ከሰጡን ሙሉው ስንት ሊሆን ነው? ስሌቱ ስህተት ነበር። ጌሙ በሴፕቴምበር 9 ቀን 2014 ሲወጣ የሚኬድባቸው ዓለማት አራት ሆነው ተገኙ፤ ምድር፣ ጨረቃ፣ ቬነስና ማርስ። ቤታው የከፈተው ሜዳ ከአራቱ የአንዱ ሰፊ ክፍል ነበር እንጂ የጣት ጫፍ አልነበረም።

ምርኮውስ? የዴስቲኒን የመጀመሪያ ወር የሚያስታውስ ሰው ዋሻዋን አይረሳትም። ኦልድ ራሺያ ውስጥ ጠላት ሳያቋርጥ የሚፈልቅባት አንዲት ጨለማ አፍ ነበረች። ተጫዋቾች ራቅ ብለው በመስመር ይቆማሉ፣ ወደ አፏ ይተኩሳሉ፣ ጥቂት ይጠብቃሉ፣ እንደገና ይተኩሳሉ፤ በየተራ ሮጠው ገብተው የወደቀውን ይለቅማሉ። ሰዓታት እንዲህ ያልፋሉ። በከዋክብት መሃል የሚካሄድ ጀብዱ ተብሎ የተሸጠ ጌም አንድ ጉድጓድ ላይ ወደ መተኮስ ወረደ። ሰዎቹ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም፤ ጌሙ ለከባዱ ተልእኮ የሚሰጠው ምርኮ ከዋሻው ያነሰ ስለነበር ነው። በዚያ ላይ ሐምራዊውን፣ ማለትም ብርቅ የሚባለውን ኢንግራም (ውስጡ ገና ያልታወቀ ምርኮ) ታወር በተባለው የተጫዋቾች መሰባሰቢያ ላይ ላለው መርማሪ ስትሰጠው ሰማያዊ ተራ ዕቃ አድርጎ ይመልስልሃል። ቡንጂ ዋሻዋን በዚያው ወር ዘጋ፤ የመርማሪውን ነገር ከዚያ ጥቂት ቆይቶ አረመ። ሥርዓቱ ከሥሩ የተስተካከለው ግን ከዓመት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2015 ዘ ቴክን ኪንግ የተባለው ማስፋፊያ ሲወጣ ነው።

እንግዲህ የ2014ቱ ቤታ የተናገረው እውነት የተኩሱ ነበር። ጠመንጃዎቹ ድንቅ ናቸው አለ፤ ነበሩም። ከረጢቱን ግን ማንም አላየውም።

አሁን ወደ ተከታዩ። የዴስቲኒ 2 ቤታ ቀድመው ለገዙ በጁላይ 18 በፕሌይስቴሽን 4፣ በ19 በኤክስቦክስ ዋን ተከፈተ፤ በ21 ለሁሉም ሆነ፤ በ25 ተዘጋ። የፒሲው በኦገስት መጨረሻ መጣ። የቀረበው አንድ የታሪክ ተልእኮ፣ አንድ ስትራይክ (ሦስት ሰው አብሮ የሚሠራው ተልእኮ)፣ ሁለት ዓይነት የክሩሲብል (የተጫዋች ከተጫዋች) ግጥሚያ ነው። የሚዞሩበት ሜዳ የለም። አዲሱ መሰባሰቢያ፣ ፋርም የተባለው፣ እሑድ ዕለት ለአንዲት ሰዓት ተከፍቶ ተዘጋ። ከሦስት ዓመት በፊት ሞተር አስነስቶ ወደፈቀደው ይነዳ የነበረ ሰው አሁን ኮሪደር ውስጥ ገባ። እኔ ለዚህ አልከፋም። የ2014ቱን የተጋነነ ስሌት ካስታወስን፣ ትንሽ አሳይቶ ብዙ ማስቀረት ብልህነት ነው።

ኮሪደሩ ደግሞ ያምራል። ታወር በዝናብ ውስጥ ይቃጠላል። ለሦስት ዓመት የዕረፍት ቦታ የነበረው አደባባይ፣ ሰው የሚጨፍርበትና ኳስ የሚያንከባልልበት፣ ፈርሶ ጭስ ይተፋል። ዛቫላ የተባለው አዛዥ ሚሳይሉ ሲመጣ የብርሃን ጉልላቱን ይዘረጋል፤ ሮጠህ ሥሩ ትገባለህ፤ ሚሳይሉ ሲያልፍ ወጥተህ ትተኩሳለህ። መጨረሻ ላይ ጋውል የተባለው ጄኔራል ኃይልህን ነጥቆ ከመርከቡ ጫፍ ይገፋሃል። ለሦስት ዓመት ያንን አደባባይ የረገጠ ሰው ጉሮሮው ላይ የሆነ ነገር ይተናነቀዋል። ቀልዱ ግን እዚህ ላይ ነው፤ ጋውል ኃይላችንን ከመንጠቁ ግማሽ ሰዓት በፊት ጌሙ ራሱ ነጥቆናል።

ነጠቃው በሁለት መንገድ ነበር፤ ሁለቱም ከጀርባቸው ምክንያት ስላላቸው ዘርዘር አድርጎ ማየት ይገባል።

አንደኛው የመሣሪያ ቦታ ነው። በቀዳሚው ዴስቲኒ ተጫዋቹ ሦስት ዓይነት መሣሪያ ይዞ ይወጣል፤ ዋናው ጠመንጃ፤ ሁለተኛው ሾትጋን፣ ስናይፐር ወይም ፊውዥን ራይፍል፤ ሦስተኛው ከባዱ፣ ሮኬትና መትረየስ። ሦስቱ ሦስት ሥራ አላቸው፤ ጠላት ሲጠጋ ወደ ሾትጋን፣ ሲርቅ ወደ ስናይፐር ትቀይራለህ፤ ጭንቅ ሲመጣ ከባዱን ታነሳለህ። በተከታዩ ቦታዎቹ ኪኔቲክ፣ ኢነርጂና ፓወር ሆኑ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚይዙት ያው ዋና ጠመንጃ ነው፤ ሾትጋኑም ስናይፐሩም ፊውዥኑም ከሮኬቱ ጋር ሦስተኛው ቦታ ላይ ታጨቁ። የሦስተኛው ጥይት ደግሞ በቤታው ላይ እንደ ብርቅ የሚገኝ ነበር። ውጤቱ እጅ ላይ ወዲያው ይታወቃል፤ ከአንድ ጠመንጃ ወደ ሌላ ትቀይራለህ፣ የምትሠራው ሥራ ግን አይቀየርም። ጋሻ የለበሰ ትልቅ ጠላት ሲመጣ የምትመዘው ነገር የለም። እየተሸከምክ የምትዞረው ሁለት ጠመንጃ ነው፣ የምትጫወተው በአንድ ነው።

ሁለተኛው የኃይሎቹ መመለሻ ጊዜ ነው። ቀዳሚው ላይ ከልብስህ የምትሰበስባቸው ሦስት ቁጥሮች ነበሩ፤ አንዱ ሱፐርህን (ትልቁን ልዩ ኃይልህን)፣ አንዱ ቦምብህን፣ አንዱ የእጅ ምትህን ያፈጥናሉ። ልብስ መምረጥ ማለት «የትኛው ኃይሌ ቶሎ ይመለስልኝ?» ብሎ መምረጥ ነበር። ተከታዩ ሦስቱንም አንስቶ በምትካቸው የእንቅስቃሴ፣ የጽናትና የማገገም ቁጥሮችን አስገባ። ቦምብ ለማፍጠን የምትለብሰው ነገር አጣህ። ቀዳሚው ላይ ልብሱን አስተካክሎ ቦምቡን በተደጋጋሚ የሚያዘንብ ሰው አሁን ከአንድ ደቂቃ በላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ያቺ ጥግ ላይ ያለች ምልክት የተንቀራፈፈችው በዚህ ነው።

ቡንጂ ይህን ያደረገው ተጫዋቹን ለማስከፋት አይደለም፤ ምክንያቱ ክሩሲብል ነው። ተጫዋች ከተጫዋች በሚገጥምበት በዚያ ሜዳ ለሦስት ዓመት የቀረበው ስሞታ አንድ ነበር፦ ከማዕዘን ዞሮ በሾትጋን በአንድ ምት የሚጥል፣ ከሩቅ በስናይፐር በአንድ ምት የሚጥል፣ በሩ ሥር ቦምብ ጥሎ የሚሄድ። ስቱዲዮው የሁለተኛውን መሣሪያ ጥይት ደጋግሞ ቀነሰ፤ ስሞታው አልቆመም። በተከታዩ ላይ ነገሩን ከሥሩ ነቀለው። በአንድ ምት የሚጥለው ሁሉ ወደ ሦስተኛው ቦታ ሄደ፣ ኃይሎቹ ዘገዩ፣ ስድስት ለስድስት የነበረው ግጥሚያ አራት ለአራት ሆነ። አራቱ ተቀናጅተው አንዱን ሲያጠምዱት ደስ ይላል፤ ብቻውን የሚሮጠው ጀግና ግን ሥራ ፈታ። ለክሩሲብሉ ብቻ ቢሆን የሚከራከሩለት ሐሳብ ነው። ችግሩ ጠመንጃው አንድ መሆኑ ነው፤ ለግጥሚያው ሲባል የተገራው መሣሪያ ከጭራቅ ጋር ለሚደረገው ውጊያም ያው የተገራው ሆኖ ይመጣል። የአንዱን ክፍል ጭስ ለማስወጣት ሲሉ የሌላውን ጣሪያ አነሱት።

ስትራይኩ ላይ፣ ኔሰስ በተባለችው የሰማይ አካል ላይ በሚካሄደው፣ ይህ ፍንትው ብሎ ይታያል። ቦታው እጅግ ያማረ ነው፤ ግዙፍ መሰርሰሪያ ጉድጓድ ውስጥ እየተሽከረከረ ያልፋል፣ ቀለበቱን ጠብቀህ ካላለፍክ ይፈጭሃል። የመጨረሻው አለቃ በጤናው ሲሦ ሲጎድል የቆምክበትን ወለል ያፈርሰውና ከእሱ ጋር ወደ ታች ትወድቃለህ፤ ሦስት ወለል፣ ሦስት ዓይነት ሜዳ። በአሠራሩ ከቀዳሚው የመጀመሪያ ስትራይኮች በብዙ ይርቃል፤ እዚያ አለቃው ቆሞ ይጠብቅሃል፣ አንተም ቆመህ ትተኩስበታለህ። እዚህ ግን እየወደቅክ፣ እየተሳቀቅክ፣ በእጅህ ያለው ያው ቀጭን ጠመንጃ ነው። መድረኩ ተለወጠ፣ ተዋናዩ እጁ ታስሮ ቀረ።

ቤታው ሲዘጋ ቡንጂ የተለመደውን አስታወሰ፤ የተጫወታችሁት ሥሪት የወራት ዕድሜ ያለው ነው፣ በሚወጣው ላይ የፓወር ጥይት ይበዛል፣ ቦምብም በጭራቆቹ ላይ ይበረታል። እውነቱን ነበር፤ ሁለቱም ተሻሽለው ወጡ። ግን እነዚያ የመጠን ለውጦች ናቸው። የመሣሪያ ቦታው አወቃቀርና የኃይሎቹ ፍጥነት የሚመነጭበት ሥርዓት ለመውጫው ስድስት ሳምንት ሲቀር የሚነካ ነገር አይደለም። «ቤታ እኮ ነው» የሚለው ማጽናኛ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቤታ ላይ የሚታረም ነገር ቁጥር ነው፤ መሠረት አይደለም። ከጌሙ መውጣት ሁለት ወር ገደማ በፊት የሚከፈት ቤታ በዋናነት ሰርቨሩን መፈተሻና ገበያ ማሟሟቂያ ነው፤ ቀድሞ ለገዛ ቀድሞ መከፈቱም ይህንኑ ይናገራል።

ታዲያ ጣት ልክ ነበር? ጌሙ በሴፕቴምበር 6 ቀን 2017 በኮንሶል ወጣ፤ ታሪኩ ከቀዳሚው የተሻለ ስለነበር በመጀመሪያ ሳምንታት በደስታ ተቀበሉት። ስሞታው ተረሳ ማለት ይቻላል። ከዚያ ተመልሶ መጣ፣ በርትቶ። በማርች 27 ቀን 2018 ቡንጂ አንድ ትልቅ ማሻሻያ አወጣ፤ እንቅስቃሴው ፈጠነ፣ ሱፐሩ ቶሎ መሙላት ጀመረ፣ በክሩሲብል የፓወር ጥይት ቶሎ ቶሎ መምጣት ጀመረ፣ ስድስት ለስድስት ግጥሚያም መመለስ ጀመረ። በሴፕቴምበር 2018 ደግሞ ፎርሴክን የተባለው ማስፋፊያ ሲመጣ ሾትጋኑና ስናይፐሩ ወደ ፊተኞቹ ቦታዎች ተመለሱ። ከጁላይ 2017 እስከ ማርች 2018 ስምንት ወር ነው። በቤታው የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ጣት የተናገረውን ለማመን ስምንት ወር ፈጀ፤ ለመጨረስ ከዓመት በላይ።

ከረጢቱስ? ከረጢቱ እንደ ወትሮው ተደብቋል። ቤታው ላይ የምትይዘው መሣሪያ አስቀድሞ ተመርጦ የተሰጠህ ነው፤ ከእነሱም መካከል ሰንሾትና ሪስክረነር የመሰሉ ልዩ መሣሪያዎች ስላሉ እጅህ ላይ ሲፈነዱ አፍህን ይዘህ ትቀራለህ። ሪስክረነርን ይዘህ በመብረቅ ሲመቱህ ጠመንጃዋ ራሷ መብረቅ መትፋት ትጀምራለች፤ ከጠላት ወደ ጠላት ይዘላል። ማን ስለ ምርኮ ሥርዓት ይጨነቃል? ሙሉው ሲወጣ ግን የታየው ይህ ነው፤ ተመሳሳይ ስም ያለው ጠመንጃ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ባህርይ ይዞ ይመጣል። ቀዳሚው ላይ አንድ ስም ያለው ጠመንጃ አሥር ጊዜ ቢወድቅልህ አሥሩም የተለያየ ችሎታ ሊኖራቸው ይችላል፤ አንዱ ቶሎ ይጎርሳል፣ አንዱ ከሩቅ ይመታል፣ የተመኘኸውን ለማግኘት ወር ትደክማለህ። በተከታዩ አንዴ ካገኘኸው አገኘኸው። ሁለተኛው ሲወድቅ ሳታየው ሰብረህ ወደ ቁራጭ ትለውጠዋለህ። ለሥራ የሚቸኩል ሰው ይህን ይወደዋል፤ ፍትሐዊም ነው። ነገር ግን ሉት ሹተርን ለወራት የሚያስጫውተው «ምናልባት ይህኛው ይሆን?» የምትለው ቅጽበት ናት፤ እሷን ካወጣህ የቀረው የተኩስ ጌም ነው። ቡንጂ ይህንንም በፎርሴክን መለሰው።

እስካሁን ያልኩት አንድ ጌም ላይ ብቻ የቆመ እንዳይመስል፣ በተቃራኒው የሄደውን ደግሞ እንይ።

ስዊድን ማልሞ ያለው ስቱዲዮ፣ ማሲቭ፣ ለአሳታሚው ዩቢሶፍት የሠራው ዘ ዲቪዥን የተባለው ሉት ሹተር በማርች 8 ቀን 2016 ከመውጣቱ በፊት በፌብሩዋሪ ያደረገው ክፍት ቤታ 6.4 ሚሊዮን ተጫዋች ገብቶበት ነበር። ማንሃታን በበረዶ ተሸፍና፣ የገና መብራቶች ባዶ ጎዳና ላይ ብልጭ ድርግም እያሉ። በገንዘብ ኖት የተዛመተ ወረርሽኝ ከተማዋን ባዶ አድርጓታል። ድባቡን ማንም አልረሳውም። በቤታው ላይ ጣት የተናገረው ስሞታ ግን ነበር፦ ኮፍያውን ጭንቅላቱ ላይ የደፋ፣ ቲሸርትና ጃኬት የለበሰ ተራ ዘራፊ ሙሉ ካርታ ጥይት ግንባሩ ላይ ጠጥቶ ዱላውን ይዞ ወደ አንተ ይሮጣል። ዴስቲኒ ላይ አራት እጅ ያለው ፍጡር ጋሻው ሲንቦገቦግ ሃምሳ ጥይት ቢጠጣ ማንም አይገርመው፤ ፍጡር ነው፣ ጋሻ አለው። እዚህ ግን ሰው ነው። ቁጥሩ ያው ሊሆን ይችላል፤ ዓይን ግን አይቀበለውም። ሙሉው ሲወጣ በከፍተኛው ደረጃ ይህ ብሶ ተጫዋቹን አባረረ፤ ማሲቭ በኦክቶበር 2016 ማሻሻያ 1.4ን እስኪያወጣ ድረስ አልተስተካከለም። እዚህም ጣት ልክ ነበር፤ ማረሚያውም ስምንት ወር ፈጀ። የቁጥሩ መገጣጠም አጋጣሚ ነው፤ ግን ያስፈግጋል።

የዘ ዲቪዥን 2 ቤታ በፌብሩዋሪ 2019 ሲመጣ ያ ስሞታ መልስ ይዞ ቀረበ። ጠላት ጥይት የሚጠጣ ከሆነ የሚጠጣበት ነገር ይታያል፤ ጥሩር፣ የራስ ቁር፣ የደረት ብረት። ከባዱን ታጣቂ ራስ ቁሩን ደጋግመህ ስትመታው ብረቱ ይሰነጠቃል፣ ቁራጩ እየተሽከረከረ ይወድቃል፣ ከዚያ የተራቆተው ጭንቅላት በሁለት ጥይት ያልቃል። ጤናው ከቀዳሚው ልዩነት ላይኖረው ይችላል፤ ነገር ግን የተኮስከው ጥይት እያንዳንዱ የት እንደገባ ታያለህ። ለአንተም እንደዚሁ፤ ቀዳሚው ላይ የሕክምና ሣጥኑን ስትጫን ጤናህ በቅጽበት ይመለሳል፤ እዚህ ጥሩርህን ለመጠገን ከለላ ሥር ተኝተህ ሰከንዶች ትጠብቃለህ። በዚያች ሰከንድ ውስጥ ጠላት ጎንህን ዞሮ ይመጣል።

ልብ በሉ፤ ይህም መዘግየት ነው። ዴስቲኒ 2ም ዘገየ፣ ዘ ዲቪዥን 2ም ዘገየ። አንዱ ተጠላ፣ አንዱ ተወደደ። ልዩነቱ መዘግየቱ ሳይሆን በመዘግየቱ ውስጥ የምትሠራው ነገር መኖሩ ነው። ጥሩርህን ልጠግን ወይስ ልሽሽ፣ አሁን ወይስ ጓደኛዬ ሲሸፍነኝ የሚል ውሳኔ አለ። ዴስቲኒ 2 ላይ ምልክቷ እስክትሞላ ከመጠበቅ በቀር የምትወስነው የለም። «ጌሙ ቀርፋፋ ነው» የሚል አስተያየት ቤታ ላይ ስታነቡ ይህን መጠየቅ ይጠቅማል።

የዘ ዲቪዥን 2 ቤታ የተነቀፈበት ሌላ ነገር ድባቡ ነው። ወረርሽኙ ከተነሳ ሰባት ወር ሆኖታል፤ በጋ ነው፣ ዋሽንግተን ዲሲ ናት፣ ሣሩ አስፋልቱን ሰንጥቆ በቅሏል፣ አጋዘን ይዞራል፣ ዋናው ምሽግ ዋይት ሀውስ ነው። ብዙዎች «በረዶው የት አለ?» አሉ። እኔም ብያለሁ። ቆይቶ የገባኝ ግን የከተማዋ ቅርጽ ውጊያውን መለወጡ ነው። ዋሽንግተን የሕንጻን ቁመት የሚገድብ በ1910 የወጣ ሕግ ያላት፣ ሰፋፊ ጎዳናና ክፍት ሜዳ ያላት ከተማ ናት፤ ማንሃታን ደግሞ የሕንጻ ገደል ነች። እዚያ ማዕዘን ዞረህ ፊት ለፊት ትላተማለህ፤ እዚህ ጠላት ከሩቅ ያይሃል፣ ከሩቅም ዞሮ ይመጣብሃል። ድባቡ ተጎድቷል፣ ውጊያው ተጠቅሟል። ዩቢሶፍት ራሱ በማርች 2020 በወጣው ማስፋፊያ ተጫዋቹን ወደ ኒው ዮርክ መለሰው፤ ያውም ያለ በረዶው።

ማሲቭ በዚያ ቤታ ከረጢቱንም በትንሹ ለማሳየት ሞክሯል። ተልእኮዎቹን ለጨረሰ ሰው ሌቨል 30 የደረሱ ሦስት ገጸ ባሕርያትን ሰጠ፤ አንዱ ባለ ስናይፐር፣ አንዱ ባለ ቦምብ ማስወንጨፊያ፣ አንዱ ባለ ቀስት፤ በእነሱም የመጨረሻውን ምዕራፍ አንድ ተልእኮ አስጫወተ። ከ2016ቱ ትምህርት የተወሰደ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን የተሰጠህ ልብስ የሰበሰብከው ልብስ አይደለም። ያ ልብስ ከየት እንደሚመጣ፣ አንዱን ቁጥር ለማሳደግ ስንት ጊዜ እንደምትለፋ፣ ከረጢትህ በማይረባ ዕቃ ሞልቶ ቆመህ ስትመርጥ ስንት ደቂቃ እንደሚያልፍ አታይም። የዘ ዲቪዥን 2 የልብስና የመሣሪያ ሥርዓት በዚያው በማርች 2020 ከሥር ተነስቶ እንደገና መሠራቱ ለዚህ ማስረጃ ይበቃል። ተኩሱ ዓመቱን ሙሉ ሲመሰገን ከረጢቱ ነበር የተቀየረው።

አንድ ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፤ ንጽጽሩ ራሱ ፍትሐዊ ነው ወይ? በጁላይ 2017 ዴስቲኒ 2ን የሞከረው ሰው ሲያስተያይ የነበረው ከ2014ቱ ዋሻ ጋር አይደለም። በዚያው ዓመት በማርች አራቱም ሬይዶች (ከስትራይክ የከበዱት የቡድን ተልእኮዎች) ወደ ላይኛው የኃይል ደረጃ ከፍ ብለው፣ ሦስት ዓመት ከተፈተገ ዴስቲኒ ጋር ነው። ጥቂት ተልእኮ ያለው ናሙና ከሦስት ዓመት ጥገና ጋር ሲመዘን ምንጊዜም ይቀላል። ለሠሪዎቹ ፍትሐዊ አይደለም። ለተጫዋቹ ግን ሌላ መመዘኛ የለውም፤ እንደገና የሚከፍለው እሱ ነው፣ ትቶት የሚሄደውም የተፈተገውን ነው።

ተከታይ ክፍል የቀዳሚውን እርማት የሚረሳበት ምክንያት ደግሞ ምሥጢር አይደለም። ተከታዩ የሚጀመረው ቀዳሚው ገና እየታረመ ሳለ ነው። ስቱዲዮው ዋናውን ኃይሉን ወደ አዲሱ ይወስዳል፤ ያረጀውን የሚጠግነው አነስ ያለ ቡድን ይሆናል። ያ ትንሽ ቡድን ተጫዋቹን በየቀኑ ስለሚሰማ ብዙ ይማራል፤ የተማረው ግን በሌላው ክፍል ከዓመት በፊት መሠረቱ ወደ ተጣለው ጌም ለመግባት በሩ ተዘግቷል። ሁለት ወንድማማቾች አንድ ቤት ውስጥ አድገው ሳይነጋገሩ እንደመኖር ነው።

ዩቢሶፍት ዘ ዲቪዥን 3 በማሲቭ እየተሠራ መሆኑን በ2023 አስታውቋል። ቤታው የመጣ ቀን፣ ፊልም የመሰለው መግቢያ ካለፈ በኋላ፣ መጀመሪያ የማደርገው ቦምብ ወርውሮ ምልክቷን ማየት ነው። ከዚያ ኮፍያ የደፋ ተራ ሰው ፈልጌ ስንት ጥይት እንደሚጠጣ እቆጥራለሁ። ከረጢቱን ለማየት ደግሞ ሁለት ወር እጠብቃለሁ፤ ቀድሜ አልገዛም።